መንጋጋዬን ብዬህ ነበር

እስከ ዛሬ የነቀልኩትን ጥርስ ሁሉ ላስታውስ አልችልም። አንዱን ግን አልረሳውም፤ ምክንያቱም ምንም አልሆነም ነበር።

የጥርሱ ባለቤት ከስማዳ የመጡ መነኩሲት ናቸው። ከወገዳ ወዲያ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ደብር አጠገብ ይኖራሉ። ስድሳውን ተሻግረዋል፤ ቀጠን ያሉ፣ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው የሚያወርዱ፣ ዐይናቸውን ግን አንድም ነገር የማያመልጠው እማሆይ። እኔ ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ንፋስ መውጫ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የግል የጥርስ ክሊኒክ ከተቀጠርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር።

የክሊኒኩ ባለቤት አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። በላይ ጋይንትም በታች ጋይንትም ስማቸው የታወቀ ነው። እሳቸው ጉጠት ሲይዙ ጥርሱ በገዛ ፈቃዱ ይወጣል ይባልላቸዋል። የሥራ መመሪያቸው አንድ ብቻ ነበር። ሰው ከአርብ ገበያ፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ በአይሱዙ ተንገላትቶ የሚመጣው ጥርሱን ሊነቀል ነው፤ ሳትነቅልለት ከላክኸው መንገዱን ከንቱ አደረግህበት፣ ይሉኝ ነበር።

እማሆይ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና፣ "መንጋጋዬ ገደለኝ" አሉ። መዳፋቸውንም ግራ ጉንጫቸው ላይ ጣል አደረጉት።

አፋቸውን አስከፍቼ አየሁ። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሳቸው አናቱ ላይ ቡናማ ቀለም ይዟል። በቃ፣ ሌላ የለበትም። ቀዳዳ ፈልጌ አጣሁ። ድዱ አላበጠም። በመስታወቱ እጀታ መታ መታ ሳደርገው እንኳ ፊታቸው አልተጨማደደም። የተማርኩት ትምህርት ተወው አለኝ፤ የጋሼ መመሪያና የስማዳ መንገድ ደግሞ ንቀለው አሉኝ። ነቀልኩት።

ጤነኛ ጥርስ እንዴት እንደሚታገል ያን ዕለት አየሁ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ስጨርስ ጋሼ በበሩ ብቅ ብለው፣ ትሪው ላይ የተጋደመውን ጥርስ አይተው፣ ጎሽ አሉኝና ተመለሱ። እማሆይ ደማቸውን ጠረጉ፣ እጄን መረቁ፣ ጥርሳቸውን በሶፍት ጠቅልለው ይዘው ሄዱ።

ሁለት ወር አለፈ። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ።

"መንጋጋዬ ዛሬም አለቀቀኝም" አሉ፣ ያንኑ ጉንጫቸውን ይዘው።

ሕመሙ ወደ ጎረቤቱ ጥርስ ተዛወረ ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም ጉጠቱን በዐይኔ መፈለግ ጀምሬ ነበር። አገጫቸውን በግራ እጄ ስደግፍ ግን የመሐል ጣቴ ከጆሯቸው ፊት አረፈ፤ እሳቸውም አፋቸውን ከፈቱ። ከጣቴ ሥር ቋ አለ፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚለው። ይዝጉት አልኳቸው፣ ይክፈቱት አልኳቸው፤ ደግሞ ቋ። ቦታውን ጫን ስለው እጄን ያዙኝና ዐይናቸው እንባ ሞላ። የገዛ ጣቶቻቸውን ደርበው በላይና በታች ጥርሳቸው መሐል እንዲያስገቡ ነገርኳቸው። ጤነኛ አፍ ሦስት ጣት ያስገባል፤ የእሳቸው ሁለቱን እንኳ በግድ ነው።

ያኔ የአንድ አስተማሪያችን ቃል ትዝ አለኝ። ጥርሴን ብለው ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ የመንጋጋ መገጣጠሚያቸው የታወከ ነው፤ ሳትዳስሱ ከነቀላችሁ ንጹሕ ጥርስ ትገድላላችሁ ብሎን ነበር። እኔ ይህን ፈተና ላይ ጽፌ፣ ጥሩ ውጤት አግኝቼበት፣ ወረቀቱን ጥዬው ወጥቻለሁ።

ጓንቴን አውልቄ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

"እማሆይ፣ ያመመዎት ጥርስ አይደለም። ከጆሮዎ ፊት ያለው የመንጋጋዎ መገጣጠሚያ ነው።"

"እኔስ ምን አልኩህ?" አሉ ረጋ ብለው። "መንጋጋዬን ብዬህ ነበር። ጥርስ ያልከው አንተ ነህ።"

እውነታቸውን ነው። በእኛ አማርኛ መንጋጋ አጥንቱም ነው፣ ጥርሱም ነው። እሳቸው አጥንቱን ሲነግሩኝ እኔ ጥርሱን ሰማሁ።

"ታዲያ ያ ጥርሴ ምን አጥፍቶ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

ምንም እንዳላጠፋ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ይቅርታም ጠየቅኳቸው። ከዚያ እርግማኑን እየጠበቅሁ አንገቴን ደፋሁ። ድምፅ ሳጣ ቀና ብዬ አየኋቸው። ከንፈራቸው እንደ ክር ቀጥኗል፤ ጉንጫቸው ላይ ደግሞ ባቄላ የሚያክል እብጠት ተነሥቶ ይንቀሳቀሳል። ጥርሳቸውን ገጥመው ነበር። ጥቂት ቆይተው ለቀቁት።

አሁን ምን አደረጉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አንድ ነገር መጣብኝና ዋጥኩት" አሉኝ።

ነገሩን ሳያፍሩ አስረዱኝ። ሳይመነኩሱ በፊት በስማዳ በስድብ የሚወዳደራቸው አልነበረም። ምላሷ ከምንሽር ጥይት ይርቃል ይባልላቸው ነበር። በገበያ ቀን ያሾፈባቸው ሰው በሚቀጥለው ገበያ መንገድ ቀይሮ ይሄዳል። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፉ፤ ቆብ ሲደፉም ከእንግዲህ ስድብ ከአፌ አይወጣም ብለው ለንስሐ አባታቸው ቃል ሰጡ። ቃላቸውን አላጠፉም።

"መሳደቡን ተውኩት እንጂ ስድቡ መምጣቱን አልተወም። በመጣ ቁጥር ጥርሴን ገጥሜ እመልሰዋለሁ" አሉ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። በዚያ ላይ ጾም ሲገባ ምግባቸው የገብስና የሽምብራ ቆሎ ነው፤ እሱንም የሚቆረጥሙት በአንድ ጎን ብቻ። መንጋጋቸው ሲበሉ ቆሎ ይፈጫል፣ ሳይበሉ ስድብ ይፈጫል፤ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም።

ያለኝን ምክር ሰጠኋቸው። ቆሎውን አስፈጭተው በሶ አድርገው እንዲበሉት፣ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጉንጫቸው ላይ እንዲያደርጉ፣ ሲያዛጉ አገጫቸውን በእጃቸው እንዲደግፉ ነገርኳቸው። ከሁሉ በላይ ግን ከመብል ሰዓት ውጪ ጥርስ ከጥርስ እንዳይነካካ፤ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ይለያይ አልኳቸው። ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ ቅር አላቸው።

"ጥርሴ ካልተገጠመ ስድቡን ምን ይይዘዋል?"

ይህ በተማርኩት መጽሐፍ ውስጥ የለም። ከንፈርዎ ይይዘዋል አልኳቸው። ሞከሩት። ጠበል በአፉ ይዞ አትዋጥ የተባለ ሰው መሰሉ።

በዚያው ሰሞን ወደ ስማዳ የሚሄድ መኪና ጠፋ፤ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። እማሆይም ከክሊኒኩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ካለው ከእህታቸው ልጅ ቤት አረፉ። የእህታቸው ልጅ ባል ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ይከፍታል፤ በሚተላለፈው ሁሉ ላይም አስተያየት ይሰጣል። እማሆይ እዚያ ቤት የሚዋጠው በዛብኝ ብለው በማግስቱ ጠዋት መጡና በራችን ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ዳር ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የቅዳሴ ሰዓት እስኪደርስ ቦታቸው እዚያ ሆነ።

እኔ ደግሞ ጸጸት ይዞኝ ስለነበር የመጣውን ሰው ሁሉ መዳሰስ ጀመርኩ። ደብተር አወጣሁና መንጋጋው የሚጮኸውን ወይም የሚያመውን በጭረት እመዘግባለሁ። አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አገኛለሁ ብዬ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ገጹ ጭረት በጭረት ሆነ። ጥርሱ የበሰበሰውም፣ ድዱ የሚደማውም፣ ጥርሱን ሊያሳጥብ የመጣውም መንጋጋው ቋ ይላል። አገሩ ሁሉ እንዲህ እየጮኸ ሲኖር የሰማሁት እኔ ብቻ የሆንኩ ያህል ተሰማኝና ዕብደት ቢጤ ያዘኝ። ለሁሉም ታማችኋል ማለት ጀመርኩ።

ያስቆመኝ ከጉና ሥር የመጣ አንድ ገበሬ ነው። የበሰበሰ ጥርሱን ነቅዬለት ስጨርስ መንጋጋህም ታሟል አልኩት። አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ ሁለት ሦስት ጊዜ አስጮኸልኝ።

"ይኸ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ይላል። ያማል ያለህ ማነው?" አለኝ።

ያን ዕለት ማታ ደብተር አያያዙ ከእኔ የሚሻል የክፍል ጓደኛዬን ማስታወሻውን በቴሌግራም አስላክሁት። ድምፅ ብቻውን፣ ሕመም ከሌለውና አፍ እንደልብ ከተከፈተ፣ በሽታ ተብሎ አይታከምም ይላል። ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት፤ በአንድ ወገን የሚጮኽ ብቻ፣ በሌላው ወገን የሚያም። የሚያመው ከሚጮኸው አነሰ። ቢሆንም ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ነበር፤ አብዛኞቹም የሚያማቸውን ቦታ አሳዩኝ ስላቸው የሚጠቁሙት ጥርሳቸውን ነው።

እማሆይ ይህን ሁሉ በተከፈተው በር ሲከታተሉ ኖሯል። አንድ ጠዋት ስገባ አምስት ሰው በአግዳሚው ላይ ተደርድሮ ሌባ ጣቱን ከጆሮው ፊት አድርጎ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እማሆይ ዳር ላይ ሆነው በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ምቱን ያስይዟቸዋል። አንድ ባጃጅ ነጂ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሞ ያያል። ሁለት መንገደኛ ሴቶች የጾም ሥርዓት መስሏቸው አማተቡና አለፉ።

እኔ የማልጠይቀውን አንድ ጥያቄም ይጠይቁ ነበር። ማንን ነው የምትውጠው፣ ማንን ነው የምትውጪው ይላሉ። ሰው ለእኔ አፉን የሚከፍተው ተለምኖ ነው፤ ለእሳቸው ግን ሳይጎተጎት ይናገራል። አንዲት አስተማሪ ርእሰ መምህሯን እንደምትውጥ ነገረቻቸው። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ድንበር የገፋበትን ወንድሙን። ከጎኑ የተቀመጠችው ሽንኩርት ነጋዴ የምትውጠው ሰው የለኝም፣ የመጣልኝን እናገራለሁ አለች። እማሆይ ነገሩን አጣርተው ሲጨርሱ በበሩ ብቅ ብለው ውጤቱን ነገሩኝ።

"የሴትዮዋ ጥርስ ነው፣ ንቀልላት። የሰውዬው ግን ወንድሙ ነው።"

ጎልማሳውን መረመርኩት። ጥርሱ ደህና ነበር።

ጋሼ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ነበር የሚያዩት። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ወደ ውስጥ ጠሩኝ። ይህ ክሊኒክ እንጂ ጠበል ቦታ አይደለም፤ ሰው ጉጠት ፍለጋ መጥቶ በሶ ታዞለት ይመለሳል፤ እማሆይን በትሕትና አስነሣልኝ አሉኝ። ወጣሁ። እማሆይ ቀና ብለው ሲያዩኝ ውኃ ይጠጡ እንደሆነ ጠይቄያቸው ተመለስኩ። ጋሼ ራሳቸው ወጡ።

ጋውናቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በጨዋ ደንብ ጀመሩ። እማሆይን እንደሚያከብሩ፣ ጸሎታቸውንም እንደሚሹ፣ ነገር ግን የሕክምና ቦታ የራሱ ሥርዓት እንዳለው ተናገሩ። ሥርዓት የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ አፋቸው ሰፋ ብሎ ተከፈተና ቋ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ግን ጆሯቸው ሠልጥኗል፤ ሁሉም እኩል ቀና አሉ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

እማሆይ አልሳቁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ትክ ብለው አዩዋቸውና፣ "እርስዎስ ማንን ነው የሚውጡት?" አሏቸው።

ጋሼ ዞረው ገቡ። እስከ ምሳ ሰዓት አንድም ጥርስ አልነቀሉም። ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ በሩን ዘጉና በሽተኛው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተንጋለሉ። እዚያ ላይ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸው ተራው የደረሰ ተፈታኝ መሰለኝ።

"እስቲ ዳስሰው" አሉ።

ዳሰስኩት። የጉንጫቸው ጡንቻ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ጥርሳቸው ተፈግፍጎ አናቱ እንደ ወፍጮ መጅ ለጥ ብሏል። ሳይነስ ነው እያሉ ለዓመታት ክኒን የሚውጡለት ራስ ምታት ከየት እንደሚነሣ፣ ጣቴን ከጆሯቸው ፊት ጫን ሳደርገው እሳቸውም አወቁ፣ እኔም አወቅሁ። በዚያው ጎን አንድ ጥርስ ጎድሏል። ማን እንደነቀለው ስጠይቃቸው፣ አንድ ባልንጀራቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው ይኸኛውን ንቀልልኝ ብለው ራሳቸው እንዳስነቀሉት ነገሩኝ። አልተሻላቸውም ነበር።

የእማሆይን ጥያቄ አለመጠየቅ አልቻልኩም። ማንን ነው የሚውጡት፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። ዐይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ።

"አንዱ አንተ ነህ" አሉኝ።

ሌላውንስ ስላቸው ሌላውን አትጠይቀኝ አሉ። የእኔን ግን ዘረዘሩልኝ። አንድ ሰው ላይ ግማሽ ሰዓት እፈጃለሁ። ጓንት ስጥል ቅርጫቱን እስታለሁ። ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ሲናገሩ ድምፃቸው ወረደ። የእማሆይ ጥርስ ጤነኛ መሆኑን ያን ዕለት ትሪው ላይ ሲያዩት ገብቷቸው ኖሯል። ሊናገሩኝ ፈልገው፣ ንቀል ያልኩት እኔው አይደለሁ ብለው ዋጡት። ጎሽ ያሉኝ ከዋጡት በኋላ ነው።

በኋላ የጥርሳቸውን ልክ ወሰድኩና ባሕር ዳር ልኬ ለመኝታ የሚሆን የጥርስ ሽፋን አሠራሁላቸው። ሚስታቸው መጀመሪያ ሲያዩዋቸው ልጓም የጎረሰ በቅሎ መሰልክ ብለዋቸዋል። ቢሆንም አልተዉትም። ራስ ምታቱ ጨርሶ ባይሄድም ክኒኑ ቀረ። ስለ አግዳሚው ዳግመኛ አንድም ቃል አላነሡም፤ እንዲያውም ለእማሆይ መቀመጫ የሚሆን ትራስ ከቤታቸው አስመጡ።

የእማሆይ መንጋጋም በበሶውና በሞቀው ጨርቅ ቀስ በቀስ እየላላ መጣ። ከንፈር ግን ብቻውን ያን ሁሉ ስድብ መያዝ አቃተው። ስለዚህ በእህታቸው ልጅ ስልክ ለንስሐ አባታቸው ደወሉና ጠየቁ፤ እውነት የሆነን ነገር ያለ ቁጣ ቀስ ብሎ መናገር ስድብ ነው ወይ? አባም ጥቂት አስበው፣ ያለ ቁጣና ለመማሪያ ከሆነ ተግሣጽ እንጂ ስድብ አይባልም አሏቸው። እማሆይ ይህን ፈቃድ ይዘው በቀጥታ የመጡት ወደ እኔ ነው።

"እንግዲህ ያለ ቁጣ ልንገርህ" አሉኝ። "ጥርስ ስትነቅል እንደ ጀማሪ አራሽ ነህ። በሬውም ይጨነቃል፣ መሬቱም ይጨነቃል፣ ትልሙ ግን ጠማማ ነው።"

ጉንጫቸውን አየሁ፤ ባቄላዋ አልተነሣችም። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተነቀፍኩበት ቀን የለም። በማግስቱ ተግሣጹ ለእህታቸው ልጅ ባል ደረሰው፤ ቴሌቪዥኑም ተዘጋ። ለጋሼም ትንሽ ደርሷቸዋል፤ ምን እንደተባሉ ግን ሁለቱም አልነገሩኝም።

ሆሳዕና ሳይደርስ መንገዱ ተከፈተና እማሆይ በአይሱዙ ጋቢና ተቀምጠው ወደ ስማዳ ተመለሱ። ሥራቸውን ግን አልተዉም። ከወገዳ የሚመጣው ሰው እማሆይ ጥርስ ነው ብለውኛል፣ እማሆይ መንጋጋ ነው ብለውኛል እያለ ውሳኔውን ይዞ ይመጣ ጀመር። ብዙውን ጊዜ ልክ ነበሩ። አንድ ጊዜ ብቻ አንዱን ሰው መንጋጋ ነው ብለው በሶ ሲያስበሉት ከርመው፣ ሥሩ መግል የቋጠረ ጥርስ ሆኖ ጉንጩ አብጦ መጣ። መግሉን አፍስሼ፣ ጥርሱን ነቅዬ፣ እንዲህ ያለውን እብጠት ካዩ አንድ ቀን ሳያሳድሩ ይላኩልኝ ብዬ በሰውዬው መልእክት ሰደድኩ። ምላሹ በሌላ በሽተኛ አፍ ደረሰኝ፤ አንድ ለአንድ ነን በለው ብለዋል።

እኔ ዛሬ የምሠራው እስቴ ነው። ጥርሴን ብሎ የሚመጣ ሁሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጣቴን ከጆሮው ፊት አሳርፋለሁ። ሰዉ መጀመሪያ ጆሮ የሚያክም ክፍል የገባ እየመሰለው በሩን መልሶ ያያል። ባለፈው ሳምንት አንድ የቅኔ መምህር መጥተው ነበር። ጥርሳቸው ተቦርቡሯል፣ እሱን ሞላሁላቸው። መንጋጋቸውም በሁለቱም ጎን እየተቀባበለ ይጮኻል።

ሰምተው እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው።

"ይኸ የማኅሌት ነው፤ ስቆም እሱም ይቆማል፣ ስጀምር ይጀምራል" አሉኝ።

ያምዎታል እንዴ ስላቸው አያመኝም አሉ። ጣታቸውን አስደርቤ ለካሁ፤ ሦስቱም ገቡ፣ አራተኛዋም ልትገባ ፈልጋ ነበር።

"እንግዲያውስ ይጩህ፣ የኔታ" አልኳቸው።

ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው አንዴ ከፈት ዘጋ ሲያደርጉት ሰማሁ፤ ከዚያ ወደ ገበያው ወረዱ።